የኦዝ ታሪክ ከየትኛው ይጀመር? የመጽሐፉ፣ የፊልሞቹና የተውኔቶቹ የንጽጽር መመሪያ

ለልጅ የኦዝን ታሪክ ማስተዋወቅ የፈለገ ወላጅ ወይም መምህር ገና ከደጃፉ ግራ ይጋባል። «ኦዝ» የሚል ስም የያዘ ነገር ሞልቷል፤ ሙሉው መጽሐፍ አለ፣ በጥቂት ገጾች የተጨመቀ ሥዕላዊ መጽሐፍ አለ፣ የ1939ኙ ፊልም አለ፣ ልጅን እንቅልፍ የሚነሳ የ1985 ፊልም አለ፣ በጠንቋይቱ በኩል ሆኖ የሚተርክ ሙዚቃዊ ተውኔት አለ፣ ከዚሁ ተውኔት ጋር ስም የሚጋራ ለአዋቂዎች የተጻፈ ልብወለድም አለ። በአብዛኞቹ ሽፋን ላይ አረንጓዴ ከተማ፣ ቢጫ መንገድና ሾጣጣ ባርኔጣ ስለሚታይ ከውጭ ሲያዩዋቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሲከፈቱ ግን አንዱ ለስድስት ዓመት ልጅ የሚስማማ ሲሆን ሌላው ለአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት እንኳ የሚያሳስብ ሆኖ ይገኛል።

ይህ መመሪያ ሥሪቶቹን አንድ በአንድ የሚመዝነው በታዋቂነታቸው ወይም ባገኙት ሽልማት አይደለም። አስቀድሞ መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ሥሪት በእነርሱ ይፈትሻል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው። የዕድሜ ግምቶቹ ደግሞ የእኔ ናቸው፤ ልጁን የሚያውቀው ሰው እንደ ልጁ ጠባይ ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ታሪኩ ለምን አላረጀም?

መመዘኛ ለማውጣት አስቀድሞ ታሪኩን ያቆየው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤል. ፍራንክ ባውም «አስደናቂው የኦዝ አስማተኛ»ን በሠዓሊው በደብሊው. ደብሊው. ዴንስሎ ሥዕሎች አጅቦ ቺካጎ ላይ ያሳተመው በ1900 ነው። ዶሮቲ የተባለች ልጅ ካንሳስ በተባለው የአሜሪካ ግዛት ከአጎቷና ከአክስቷ ጋር ትኖራለች፤ አንድ ቀን አውሎ ነፋስ ቤቱን እንዳለ ነቅሎ እርሷንና ውሻዋን ቶቶን ኦዝ ወደተባለ አገር ያደርሳቸዋል። ወደ አገሯ የሚመልሳትን አስማተኛ ፍለጋ ስትጓዝ አንጎል የሚመኝ የወፍ ማስፈራሪያ፣ ልብ የሚመኝ የቆርቆሮ ሰውና ድፍረት የሚመኝ አንበሳ አብረዋት ይጓዛሉ።

እንደ እኔ እምነት የታሪኩ ኃይል ያለው የሚያዳምጠው ልጅ ከባለታሪኮቹ ቀድሞ እንዲያውቅ በመደረጉ ላይ ነው። በስድስተኛው ምዕራፍ የቆርቆሮው ሰው ሳያውቅ አንዲት ጢንዚዛ ይረግጥና ይገድላል። ያዝናል፣ ያለቅሳል፤ እንባው በጉንጮቹ ወርዶ የመንጋጋውን ማጠፊያ ያዝገዋል። ዶሮቲ አንድ ነገር ስትጠይቀው አፉን መክፈት ያቅተዋል፤ በእጁ እያመለከተ እንድትደርስለት ይለምናታል፣ እርሷ ግን አልገባትም፤ አንበሳውም ግራ ይገባዋል። ከዶሮቲ ቅርጫት የዘይቱን ዕቃ አንሥቶ መንጋጋውን የሚቀባለት አንጎል የለኝም ባዩ ማስፈራሪያ ነው። ልብ የለኝም የሚለው በጢንዚዛ ሞት አለቀሰ፤ አንጎል የለኝም የሚለው ከሁሉም ቀድሞ ነገሩ ገባው። ባውም ይህን አያብራራም፤ «አያችሁ ልጆች» ብሎም አያስተምርም። ምዕራፉን ዘግቶ ያልፋል። ጮክ ተብሎ ሲነበብለት «ልብ ከሌለው እንዴት አለቀሰ?» ብሎ የሚጠይቀው ልጁ ራሱ ነው። ይህን ጥያቄ ከልጄ አፍ ከሰማሁበት ምሽት ጀምሮ የየትኛውንም ሥሪት ዋጋ የምለካው በዚህ ነው፦ ጥያቄውን ለልጁ ይተውለታል ወይስ ቀድሞ ይመልስበታል?

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ዋናው እንግዲህ ለልጁ የሚተወው ሥራ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ ሲመዘንም መጠኑ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ዓይነቱም መታየት አለበት፤ በአንድ ገጽ ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅ አደጋና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሳድድ ጠላት በልጅ ሌሊት ላይ የሚያሳድሩት ስሜት አንድ አይደለም። ሦስተኛው ኦዝ እውነተኛ አገር ናት ወይስ ሕልም የሚለው ነው። ይህ ለአዋቂ የቴክኒክ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ለልጅ ግን ጓደኞቹ በእርግጥ ነበሩ ወይስ አልነበሩም ማለት ስለሆነ ቀላል ነገር አይደለም። አራተኛው ሥሪቱ ቅድመ ዕውቀት መጠየቁና አለመጠየቁ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዶቹ የተሠሩት ዋናውን ታሪክ ለሚያውቅ ተመልካች ነው። ርዝመትና ወጪ በመጨረሻ ይታያሉ።

ሙሉው መጽሐፍ

ሙሉው ጽሑፍ 24 ምዕራፎች አሉት፤ በእንግሊዝኛው ወደ 40 ሺህ ቃላት ይጠጋል። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ አብዛኞቹም በአንድ ምሽት ተነብበው የሚያልቁ ስለሆኑ በቀን አንድ ምዕራፍ ቢነበብ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል። የባውም ዓረፍተ ነገሮችም አጭርና ግልጽ ስለሆኑ ለተርጓሚም፣ ጮክ ብሎ ለሚያነብም፣ እንግሊዝኛ ለሚለማመድ ተማሪም ያመቻሉ።

ለልጁ ሥራ በመተው ረገድ የሚወዳደረው የለም። አስማተኛው የሚኖርባትን የመረግድ ከተማን እንውሰድ። ዶሮቲና ጓደኞቿ በሩ ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ለእያንዳንዳቸው፣ ለውሻዋም ጭምር፣ አረንጓዴ መነጽር ያደርግላቸዋል፤ የመነጽሩን ማሰሪያም ከጀርባ በኩል በቁልፍ ይቆልፈዋል። ምክንያቱን ሲነግራቸው የከተማይቱ ብርሃን ዓይናቸውን እንዳያጠፋ ነው ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ከአምስት ምዕራፍ በኋላ አስማተኛው ተጋልጦ ሲናዘዝ ከተማይቱ ከሌሎች ከተሞች የተለየ አረንጓዴነት እንደሌላት ይናገራል። በንባቡ መሐል መነጽሩን የጠረጠረ ልጅ እዚህ ሲደርስ የሚሰማውን ደስታ ሌላ ሥሪት አይሰጠውም፤ በ1939ኙ ፊልም ከተማይቱ በእርግጥ አረንጓዴ ናትና።

በፍርሃት በኩል ግን መጽሐፉ ከስሙ በላይ ከበድ ይላል። ባውም በመግቢያው ልብ የሚሰብሩና ቅዠት የሚያመጡ ነገሮችን ትቶ የሚያስደስት ዘመናዊ ተረት ሊጽፍ እንዳሰበ ይገልጻል። ይሁን እንጂ በ12ኛው ምዕራፍ የቆርቆሮው ሰው የ40 ተኩላዎችን አንገት በመጥረቢያ ይቀላል፤ ማስፈራሪያውም የ40 ቁራዎችን አንገት ይጠመዝዛል። የቆርቆሮው ሰው ሰውነት ቆርቆሮ የሆነበት ምክንያትም የተረገመ መጥረቢያ እጅና እግሩን አንድ በአንድ ስለቆረጠው ነው። አነጋገሩ ደረቅና ፈጣን ስለሆነ፣ ደምም ስለማይታይ፣ አብዛኞቹ ልጆች ሳይደነግጡ ያልፉታል፤ ለእንስሳት ስስ የሆነ ልጅ ካለዎት ግን ያንን ምዕራፍ አስቀድመው ለብቻዎ ያንብቡት።

ስለ ዶሮቲ ጠባይም አንድ ነገር መባል አለበት። በመጽሐፉ የምዕራቧ ክፉ ጠንቋይ ዶሮቲ ከተጫማቻቸው አስማታዊ የብር ጫማዎች አንዱን በተንኮል ስትወስድባት ልጅቱ ትቆጣለች፤ በቁጣዋም በባልዲ ያለውን ውኃ አንሥታ ትደፋባታለች። ጠንቋይቱ ከቀለጠች በኋላ ዶሮቲ ሌላ ባልዲ ውኃ ቀድታ ወለሉን ታጥባለች፣ የቀረውን ጠርጋ በበሩ ታወጣለች፣ ጫማዋን በጨርቅ ወልውላ መልሳ ትጫማለች። በፊልሙ ውኃው የሚደፋው የማስፈራሪያውን እሳት ለማጥፋት ነው፤ ጠንቋይቱን ያገኛት በአጋጣሚ ነው። የመጽሐፏ ዶሮቲ ራሷ የምታደርግ ልጅ ናት፤ እኔ እርሷን እመርጣለሁ።

በመጽሐፉ ኦዝ እውነተኛ አገር ናት። ዶሮቲ ስትመለስ የብር ጫማዎቹ በበረሃው ላይ ወድቀው ይጠፋሉ፤ አጎቷ አዲስ ቤት ሠርቷል፤ ጊዜው በእርግጥ አልፏል።

ዕትም ሲመርጡ ሥዕሎቹን ይመልከቱ። በመጀመሪያው ዕትም የዴንስሎ ሥዕሎች ቀለም እንደየአገሩ ይቀየር ነበር፦ ለካንሳስ ግራጫ፣ ለምሥራቁ ሰማያዊ፣ ለመረግድ ከተማ አረንጓዴ፣ ለምዕራቡ ቢጫ፣ ለደቡቡ ቀይ። ፊልሙ በቀለም የሠራውን ሥራ መጽሐፉ ቀደም ብሎ በወረቀት ላይ ሞክሮት ነበር ማለት ይቻላል። በጥቁርና ነጭ የታተመ ርካሽ ዕትም ታሪኩን ባያጎድልም ይህን ያጎድላል።

አጥረው የተዘጋጁ መጻሕፍት

ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጥሩ ሥዕል ያለው አጭር መጽሐፍ የሚነቀፍ ምርጫ አይደለም። የሚያስቸግረው አጥሮ የተዘጋጀው ብዙ ጊዜ እንደ ሙሉው ሆኖ መሸጡ ነው። ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ፤ የመጽሐፉን ማውጫ ይክፈቱና አስማተኛው በፊኛ ከበረረ በኋላ ስንት ምዕራፍ እንደቀረ ይቁጠሩ። በሙሉው ጽሑፍ ፊኛው የሚነሣው በ17ኛው ምዕራፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ምዕራፎች ይቀራሉ፤ በእነርሱም ውስጥ የሚጣሉ ዛፎች፣ ከስስ ሸክላ የተሠሩ ሰዎች የሚኖሩበት አገርና አንበሳው የአራዊት ንጉሥ የሚሆንበት ደን አሉ። ፊኛው በርሮ ዶሮቲ ወዲያው ቤቷ ከገባች መጽሐፉ ተቆርጧል፤ ወይም ከፊልሙ ተቀድቷል። ጫማዎቹ በብር ፋንታ ቀይ ከሆኑም ምንጩ ፊልሙ ለመሆኑ ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

የ1939ኙ ፊልም

ቪክተር ፍሌሚንግ በዳይሬክተርነት የተመዘገበበት፣ ጁዲ ጋርላንድ ዶሮቲን ሆና የተጫወተችበት ይህ የኤም.ጂ.ኤም ፊልም 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በወጣበት ጊዜ ወጪውን አልመለሰም ነበር፤ የሕዝብ ሁሉ ተወዳጅ ያደረገው ቴሌቪዥን ነው። በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ፤ ከ1959 ጀምሮም በየዓመቱ መታየቱ ልማድ ሆነ። ዛሬ «ኦዝ» ሲባል አብዛኛው ሰው በአእምሮው የሚያየው የዚህን ፊልም ምስል ነው፤ የጠንቋይቱ አረንጓዴ ቆዳና የሩቢ ጫማዎቹ ሁለቱም በመጽሐፉ የሌሉ የፊልሙ ፈጠራዎች ናቸው። የብሩ ጫማ ወደ ቀይ የተቀየረው በቴክኒካለር ቀለም ይበልጥ እንዲደምቅ ነው።

በዚህ ፊልም ውስጥ ማንም ልጅ ሳያየው ማደግ የሌለበት አንድ ቅጽበት አለ። የካንሳሱ ክፍል በሙሉ ቡናማ በሆነ አንድ ቀለም የተሠራ ነው። ቤቱ መሬት ካረፈ በኋላ ዶሮቲ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ከጀርባዋ እናያታለን፤ በሩን ስትከፍተው ከውጭ ያለው አገር በሙሉ ቀለም ይገለጣል። ይህን ለመሥራት የቤቱን የውስጥ ግድግዳ ቡናማ ቀቡት፤ በሩን የምትከፍተውም ቡናማ ቀሚስ የለበሰች ምትክ ተዋናይት ናት። እርሷ ከካሜራው ፊት ዘወር ስትል ጋርላንድ በሰማያዊ ቀሚሷ ብቅ ትላለች። ይህ ሁሉ የተደረገው በቀለምና በልብስ ብቻ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ ድረስ ልጆች እዚህ ቦታ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

የሙዚቃው ጥራት ክርክር አያሻውም፤ ፊልሙ በዘፈንና በሙዚቃ ቅንብር ኦስካር አግኝቷል። ፍርሃቱ ግን ከመጽሐፉ የተለየ ዓይነት ነው። በመጽሐፉ የምዕራቧ ጠንቋይ በዋናነት የምትታየው በአንድ ምዕራፍ ነው፤ በፊልሙ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ እየዛተች ትከተላለች። ክንፋሞቹ ጦጣዎች ሰማዩን ሲሞሉ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ብዙ ልጆች ያለቅሳሉ። ለፈራ ልጅ ሊነገር የሚገባ እውነት አለ፦ ጠንቋይቱን የተጫወተችው ማርጋሬት ሃሚልተን ተዋናይት ከመሆኗ በፊት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች፤ በ1975ም በአንድ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀርባ የጠንቋይቱን ልብስ እየለበሰች ማስመሰል መሆኑን ለልጆች አሳይታለች።

ሁለት ነገሮችን ግን በፊልሙ ላይ እነቅፋለሁ። አንደኛው ኦዝን ሕልም ማድረጉ ነው፤ የካንሳሶቹ የእርሻ ሠራተኞችና የኦዝ ጓደኞች በተመሳሳይ ተዋንያን የተሠሩትም ለዚሁ ነው። ወር ሙሉ ከማስፈራሪያው ጋር የተጓዘ ልጅ በመጨረሻ «አልነበረም» ሲባል ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ሁለተኛው የግሊንዳ ነገር ነው። መጽሐፉ ሁለት ደግ ጠንቋዮች አሉት፤ የሰሜኗ ጫማዎቹ ዶሮቲን ወደ ቤቷ የመመለስ ኃይል እንዳላቸው አታውቅም፤ የምታውቀው የደቡቧ ግሊንዳ የምትገኘው በታሪኩ መጨረሻ ነው። ፊልሙ ሁለቱን አንድ ስላደረጋቸው ግሊንዳ ምስጢሩን ከመጀመሪያው እያወቀች ልጅቱን በዚያ ሁሉ አደጋ ውስጥ እንድታልፍ ያደረገች ሆነች። አስተዋይ ልጅ ይህን ይጠይቃል፤ ፊልሙ የሚሰጠው መልስም አጥጋቢ አይደለም።

«ዘ ዊዝ»

ጥቁር አሜሪካውያን የኪነ ጥበብ ሰዎች ታሪኩን በራሳቸው ሙዚቃ መልሰው የሠሩበት ይህ ተውኔት በኒውዮርኩ የቲያትር ሠፈር በብሮድዌይ የቀረበው በ1975 ሲሆን ምርጥ ሙዚቃዊ ተውኔት የሚለውን ጨምሮ ሰባት የቶኒ ሽልማቶችን አግኝቷል። በ1978 ሲድኒ ሉሜት ወደ ፊልም ሲለውጠው ዳያና ሮስ ዶሮቲን፣ ማይክል ጃክሰን ማስፈራሪያውን ሆነው ተጫወቱ፤ ዶሮቲ በዚህ ፊልም የ24 ዓመት የሐርለም መምህርት ናት፣ ኦዝም ኒውዮርክን ትመስላለች። ዘፈኖቹ ድንቅ ናቸው። ፊልሙ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ጭብጡም ከቤት ለመውጣት የምትፈራ አዋቂ ሴት ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ይሰለቻሉ። ሙዚቃ ለሚወድ የአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ልጅ፣ ዋናውን ታሪክ ካወቀ በኋላ፣ መልካም ምርጫ ነው።

«ወደ ኦዝ መመለስ»

የ1985ቱ የዲዝኒ ፊልም ርእሱ የ1939ኙ ተከታይ ያስመስለዋል፤ ብዙ ወላጆች የተሳሳቱትም በዚህ ነው። ዳይሬክተሩ ዋልተር መርች ታሪኩን የወሰደው ከባውም ሁለተኛና ሦስተኛ መጻሕፍት ነው። ዘፈን የለውም። ሲጀምር ዶሮቲ ስለ ኦዝ ማውራቷን ስላልተወች አክስቷ በኤሌክትሪክ ወደሚያክም ሐኪም ትወስዳታለች፤ ኦዝ ስትደርስም ከተማይቱ ፈርሳ፣ ጓደኞቿ ድንጋይ ሆነው ታገኛቸዋለች። በእጅና በእግር ፋንታ ጎማ ያላቸው ፍጡራን ያሳድዷታል፤ ጭንቅላቷን እንደ ልብስ እየለዋወጠች የምታደርግ ልዕልትም ታስራታለች።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ፊልሙን እወደዋለሁ ብል እንዳይገርምዎ። ዶሮቲን የተጫወተችው ፌሩዛ ባልክ በእርግጥ ልጅ ናት፤ ከጁዲ ጋርላንድ ይልቅ ለመጽሐፏ ልጅ ትቀርባለች፤ ችግሯንም የምትፈታው በማልቀስ ሳይሆን በማሰብ ነው። የባውምን እንግዳ ምናብ ከሁሉ በላይ የጠበቀው ይህ ፊልም ነው ብዬ አምናለሁ። ከዘጠኝና ከአሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አላሳይም፤ አዋቂ ሳይኖርም ልጅ ለብቻው ሊያየው አይገባም።

«ዊኪድ»፦ በአንድ ስም ሦስት ነገር

በዚህ መመሪያ ከተጻፈው ሁሉ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ይህ ክፍል ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ሦስት ሥራዎች ለተለያየ አንባቢና ተመልካች የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ግሪጎሪ ማጓየር በ1995 ያሳተመው ልብወለድ ነው፤ ወሲብ፣ ጭካኔና የከረረ ፖለቲካ ያለበት የአዋቂ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ስቲቨን ሽዋርትዝ ዘፈኖቹን የደረሰለት የ2003ቱ የብሮድዌይ ተውኔት ሲሆን ከልብወለዱ ሐሳቡን ወስዶ በእጅጉ አለስልሶታል። ሦስተኛው በዳይሬክተር ጆን ኤም. ቹ በሁለት ክፍል የተሠራው ፊልም ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል በ2024፣ ሁለተኛው በ2025 ወጣ። ልጃቸው ፊልሙን ስለወደደው ደስ ብሏቸው ልብወለዱን በስጦታ የሚሰጡ ወላጆች አሉ፤ በተውኔቱ ምስል የተሸፈኑ ዕትሞች መኖራቸው ስሕተቱን ያባብሰዋል። ልብወለዱ ለልጅ አይሰጥም።

ተውኔቱና ፊልሙ አረንጓዴ ቆዳ ይዛ የተወለደችው ኤልፋባና ግሊንዳ በትምህርት ቤት ጓደኛሞች የነበሩበትን ጊዜ ይተርካሉ። ክፉ የሚባል ሰው ማን ክፉ አለው የሚለው ጥያቄ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በክፍል ውስጥ ለሚደረግ ውይይትም የተመቸ ነው። ነገር ግን ሥራው ተመልካቹ ዶሮቲን፣ ማስፈራሪያውንና የቆርቆሮውን ሰው አስቀድሞ እንደሚያውቅ ይገምታል፤ ሳያውቅ የሚያይ ልጅ ታሪኩን ቢከተልም ዋናው ደስታ ያመልጠዋል። ከዚህም በላይ ያኛውን ታሪክ ከመስማቱ በፊት መልሱን ይሰማል። የ2024ቱ ክፍል ብቻውን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወስዶ የተውኔቱን ግማሽ ላይ ያቆማል፤ ስለዚህ ለሁለቱም ጊዜ ይያዙ።

ሌሎቹ በአጭሩ

የ1910ና የ1925 ድምፅ አልባ ፊልሞች ለታሪክ ተመራማሪ እንጂ ለልጅ የሚሆኑ አይደሉም። የ2013ቱ የሳም ሬሚ ፊልም አስማተኛው ኦዝ እንዴት እንደደረሰ ይተርካል፤ ዓይን ይማርካል፣ ነገር ግን ዶሮቲ የለችበትም፤ ከእርሷ ጋርም የታሪኩ ልብ ቀርቷል። በሩሲያኛ ያደገ ሰው ካጋጠመዎ ዶሮቲን ላያውቅ ይችላል፤ አሌክሳንደር ቮልኮቭ በ1939 ታሪኩን በራሱ መንገድ ጽፎት ልጅቱ እዚያ ኤሊ ትባላለች።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ሥሪት | ዓመት | ተስማሚ ዕድሜ | የፍርሃቱ ዓይነት | ኦዝ እውን ናት? | ቅድመ ዕውቀት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሙሉው መጽሐፍ | 1900 | ሲነበብለት ከ6፣ ራሱ ሲያነብ ከ9 | አጭርና ፈጣን | አዎ | አያስፈልግም | ከነጻ ጀምሮ |
| አጭር ሥዕላዊ መጽሐፍ | ልዩ ልዩ | ከ3 እስከ 5 | ጥቂት | እንደየዕትሙ | አያስፈልግም | አነስተኛ |
| «የኦዝ አስማተኛ» ፊልም | 1939 | ከ6 | የሚያሳድድ ጠላት | ሕልም | አያስፈልግም | አነስተኛ |
| «ዘ ዊዝ» ፊልም | 1978 | ከ10 | መካከለኛ | ግልጽ አይደለም | ቢኖር ይመረጣል | አነስተኛ |
| «ወደ ኦዝ መመለስ» | 1985 | ከ10፣ ከአዋቂ ጋር | ከባድና የሚከርም | አዎ ወደሚለው ያደላል | ያስፈልጋል | አነስተኛ |
| «ዊኪድ» ተውኔት | 2003 | ከ10 | መካከለኛ | አዎ | ያስፈልጋል | ከፍተኛ |
| «ዊኪድ» ፊልሞች | 2024፣ 2025 | ከ9 | መካከለኛ | አዎ | ያስፈልጋል | መካከለኛ |
| «ዊኪድ» ልብወለድ | 1995 | አዋቂ ብቻ | የአዋቂ ጉዳይ | አዎ | ያስፈልጋል | አነስተኛ |

እንደየፍላጎቱና እንደየአቅሙ

ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ሰው በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በአሜሪካ የቅጂ መብቱ ያበቃው በ1956 ስለሆነ የእንግሊዝኛው ሙሉ ጽሑፍ በፕሮጀክት ጉተንበርግ ድረ ገጽ፣ በድምፅ የተነበበው ደግሞ በሊብሪቮክስ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል። የ1939ኙ ፊልም ግን መብቱ የተጠበቀ ነው፤ የሩቢ ጫማዎቹም የፊልሙ ናቸው። በትምህርት ቤት ተውኔት ለማሳየት የሚያስቡ መምህራን ይህን ልዩነት ልብ ይበሉ፦ ከመጽሐፉ ተነሥተው የብር ጫማ አድርገው፣ ዘፈኑን ራሳቸው ደርሰው ቢሠሩ አስተማማኝ መሬት ላይ ናቸው።

ጥቂት ማውጣት የሚችል ሰው ገንዘቡን የዴንስሎ ባለቀለም ሥዕሎች ባሉት ዕትም ላይ ቢያውለው ይሻላል፤ ልጁ አድጎም የሚያቆየው እርሱን ነውና። ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቀው የመድረክ ተውኔት ነው፤ የማይረሳ ነገር ነው፤ ነገር ግን ታሪኩን ለማያውቅ ልጅ የሚከፈል ትልቅ ገንዘብ ግማሹ በከንቱ ይቀራል።

አንድ ምሽት ብቻ ያለው ቤተሰብ ያለ ማመንታት የ1939ኙን ፊልም ይመልከት። ቶሎ የሚፈራ ልጅ ያለው ቤተሰብ ከመጽሐፉ ይጀምር፤ በምናብ የሚታይ ጠንቋይ ልጁ ሊችለው ከሚችለው በላይ አይገዝፍምና። ልጁ መጽሐፉን ጨርሶ ሌላ ከጠየቀ ባውም ራሱ በጠቅላላው 14 የኦዝ መጻሕፍት ጽፏል፤ የ1907ቱ ሦስተኛው መጽሐፍ ዶሮቲን ከምትናገር ዶሮና በቁልፍ ከሚሞላ የመዳብ ሰው ጋር ስለሚያገናኛት ከሁለተኛው ይልቅ እርሱን አስቀድማለሁ።

ጊዜውም አቅሙም ላለው የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በስድስትና በሰባት ዓመቱ መጽሐፉን በየምሽቱ አንብቡለት፤ 24ኛው ምዕራፍ ሲያልቅ ጥቂት ሳምንታት ይለፉና ፊልሙን አሳዩት፤ «ዊኪድ»ን ለአሥረኛ ዓመቱ አቆዩለት። ፊልሙ ሲጀምር ስለ ጫማዎቹ ምንም አትንገሩት። ቀይ መሆናቸውን አይቶ «ይህ ልክ አይደለም፣ የብር ነበሩ» ብሎ ከተነሣ፣ ያቁሙትና የትኛው እንደሚሻልና ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁት።